የመጸው በዓል እየደረሰ ነው፤ ሳሎኑን በቤት ውስጥ ተክሎች ብቻ ማስዋብ ይቻላል?

ቡቃያ

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ቤተሰቦች! ዘንድሮ የመጸው በዓልን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ እኛ ቤት ነው የሚያከብረው። ከአሥር ሰው በላይ እንሆናለን። ሳሎናችን ሰፊ አይደለም። አንድ ትልቅ መስኮት አለው፤ የጠዋት ፀሐይ ይገባበታል። የምንበላበት ረጅሙ ጠረጴዛ ግን ከመስኮቱ ርቆ ወደ ውስጥ ነው ያለው።

የተቆረጠ አበባ ገዝቶ በሳምንቱ መጣል ሰልችቶኛል። የፕላስቲክ ቅጠልም አልወድም። ያሉኝን ተክሎች ይዤ፣ ካስፈለገም ሁለት ሦስት ጨምሬ፣ የወቅቱን ቀለም ቤት ማስገባት ነው የምፈልገው። ብርቱካናማ፣ ጥቁር ቀይ፣ ቡናማ፣ ወርቃማ፣ እንዲህ ያለውን።

ያሉኝ እነዚህ ናቸው፦ ሐረጉ የረዘመ ፖቶስ፣ ሳንሴቬሪያ፣ ልጆቹን ያንጠለጠለ የሸረሪት ተክል፣ አንድ ትልቅ ፈርን እና አበባ የያዘ የአፍሪካ ቫዮሌት። ከቫዮሌቱ በቀር ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። ቀለሙን ከየት ላምጣው? ጠረጴዛው ላይስ ምን ይቀመጣል? ጨለም ያለ ጥግ ባስቀምጣቸው ይጎዳሉ? ገና ከአንድ ወር በላይ ጊዜ አለኝ፤ ቀስ ብዬ ልዘጋጅ ብዬ ነው።

የመስኮት_ዳር

እንኳን ደህና መጣሽ ቡቃያ። ቀደም ብለሽ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ተክል የሚገዛው እንግዳ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ ያኔ ተክሉ ገና ቤቱን አልለመደም።

ቀለሙን ከአበባ ሳይሆን ከቅጠል ፈልጊው። አበባ ይረግፋል፣ ባለቀለም ቅጠል ግን ከዓመት ዓመት አብሮሽ ይኖራል። ለመጸው ድግስ እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ክሮቶንን ነው። አንድ ተክል ላይ ቢጫው፣ ብርቱካናማው፣ ቀዩና አረንጓዴው አብረው ይገኛሉ። ውጭ ያሉት ዛፎች በዚህ ወቅት ቢጫ የሚሆኑት አረንጓዴው ክሎሮፊል ሲፈርስና ከሥሩ ተሸፍኖ የቆየው ካሮቲኖይድ ሲገለጥ ነው። ቀዩን የሚያመጣው አንቶሲያኒን ደግሞ በአብዛኛው በዚያው ሰሞን ይሠራል። የክሮቶን ቀለምም የሚመጣው ከእነዚሁ ነው። ለዚህ ነው መስኮት ዳር ስታስቀምጪው ከውጭው ዛፍ ጋር ቀለሙ የሚስማማው።

አንድ ጠባይ አለው። ቦታ ሲቀየርበት ቅጠል ያራግፋል። ስለዚህ አሁኑኑ ግዢውና ብርሃን ያለበት መስኮት ዳር አስቀምጪው። ከዚያ አትነካኪው። ጥቂት ቅጠል ቢጥል አትደንግጪ፤ ሲለምድ ይተካል። ብርሃን ካነሰው አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ቀለሙም ይደበዝዛል።

ከክሮቶን ቀጥሎ ሬክስ ቤጎንያ አለ። ቅጠሉ ወይን ጠጅና ብር የሚመስል ቀለም የተቀላቀለበት ነው፤ ለብቻው ቢቀመጥም ቤት ያሳምራል። ቅጠሉ ላይ ግን ውሃ አታፍስሺበት፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ይይዘዋል። ኮሊየስም አይከፋም። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ በሁለት ሳምንት ሥር ያወጣል፣ ስለዚህ ከአንዱ ብዙ ማባዛት ይቻላል።

ሐረግ_ወዳድ

ስለ ጠረጴዛው እኔ ልናገር። ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች መተያየት አለባቸው። ረጅም ተክል መሃል ላይ ከተገተረ፣ እንግዳው ሁሉ አንገቱን እያዘነበለ ነው የሚጫወተው። ከ30 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ነገር መሃል ላይ ይቀመጥ። ከዚያ በላይ የሚረዝመው ወደ ግድግዳው ይሂድ።

ደግሞ አንድ ትልቅ መትከያ ከማስቀመጥ ይልቅ ትናንሾቹን በጠረጴዛው ርዝመት በትነሽ አስቀምጪ። ሳህን ሲመጣ ገፋ ማድረግ ይቀላል። ትልቅ ከሆነ ምግቡ ሲቀርብ ተነሥቶ መሬት ይቀመጥና ሰው ሲረግጠው ያመሻል።

የሸክላ መትከያ ከሆነ ከሥሩ ቡሽ ወይም ወፍራም ጨርቅ ይኑረው። ያልተቀባ ሸክላ እርጥበት ያሳልፋል፤ እንጨት ላይ ነጭ ክብ ምልክት ይተዋል። ከሥሩ የምታደርጊው ሳህንም ያልተቀባ ሸክላ ከሆነ ያው ነው።

ፖቶሱን ከኮርኒስ አታንጠልጥይው፤ ቤቱ ሲሞላ ራስ ይመታል። መደርደሪያ ላይ አስቀምጠሽ ሐረጉን በመደርደሪያው ጠርዝና በሥዕሎቹ ዙሪያ ምሪው። ግድግዳ የማያበላሹ ትናንሽ ማያያዣዎች አሉ። ሐረጉን በአንድ ቀን አትጎትቺው፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ትንሽ ትንሽ አድርገሽ አልምጂው።

ነጭ_አበባ

ቆንጆ ምክር ነው። እኔ የምጨምረው ሊሊን ነው። ብርቱካናማ ሊሊ በመትከያው ሆኖ ይሸጣል። አንድ ብቻ ቤቱን በሙሉ ያደምቀዋል። በር ላይ አስቀምጪው፤ ሰው ገና ሲገባ ይቀበለዋል።

የድመት_እናት

ቡቃያ፣ ሊሊ ከመግዛትሽ በፊት ቤታችሁ ድመት አለ?

ቡቃያ

አዎ አለች! የአንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ያገኘችውን ቅጠል ሁሉ ትቀምሳለች። ከእንግዶቹ ጋርም ዳዴ የሚሉ ልጆች አሉ። ይህን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ?

የድመት_እናት

አሁንም አልረፈደም። እንግዲያው ሊሊ ደጃፍሽን አይርገጥ። ነጭ_አበባን ለመውቀስ አይደለም፤ ድመት ለሌለው ሰው ግሩም አበባ ነው። ለድመት ግን እውነተኛው ሊሊና የቀን ሊሊ የሚባለው ሁለቱም ገዳይ ናቸው። ኩላሊቷን ነው የሚያጠፋው። ቅጠሉ፣ አበባው፣ ብናኙ፣ አበባው የተቀመጠበት ውሃ ሳይቀር አደገኛ ነው። ብናኙ ፀጉሯ ላይ አርፎ ስትልሰው እንኳን ይበቃል። ድመት ሊሊ ከነካች ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም፤ በዚያችው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ነው።

እንግዶችሽንም አስቀድመሽ ንገሪያቸው። አበባ ይዘው የሚመጡ አይጠፉም፤ በእቅፉ ውስጥ ሊሊ ሊኖር ይችላል።

ሌሎቹ እንደ ሊሊ አይደሉም፤ ግን መለየት አለብሽ። ፖቶስ ስትታኘክ አፍ የሚያቃጥል፣ መርፌ የመሰለ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታል አላት። ድመትም ሕፃንም አፉን ያመዋል፣ ምራቅ ያዝረበርባል፣ ሊያስመልሰውም ይችላል። ፒስ ሊሊ የሚባለውም ስሙ ሊሊ ይሁን እንጂ ዘሩ ሌላ ነው፤ ጉዳቱ እንደ ፖቶስ ነው። ሳንሴቬሪያ ከተበላ ሆድ ያውካል። ክሮቶን፣ ቤጎንያ፣ ኮሊየስ፣ ክሪሳንተመም ሁሉም ድመት ከሚደርስበት ቦታ መራቅ ያለባቸው ናቸው። ካላንቾ ደግሞ ልብን የሚነካ ንጥረ ነገር አለው፤ ድመት ባለበት ቤት እኔ በጭራሽ አላስገባውም።

በሌላ በኩል ካሉሽ ውስጥ የሸረሪት ተክሉና የአፍሪካ ቫዮሌቱ መርዝ የለባቸውም። ፈርኑም የቦስተን ፈርን ከሆነ ችግር የለውም። አስፓራገስ ፈርን የሚባለው ግን በስም እንጂ በዘር ፈርን አይደለም፤ እሱ መርዛማ ነው። ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነና ግንዱ ትንንሽ እሾህ ያለው ከሆነ እሱ ነውና አረጋግጪ።

የመስኮት_ዳር

የድመት_እናት ልክ ናት። እንግዲያው ዝርዝሬን እቀይረዋለሁ። ድመት ባለበት ቤትም ቀለም አይጠፋም።

ብርቱካናማና ቀይ ከፈለግሽ ጉዝማንያ። ከመሃሉ የሚወጣው ባለቀለሙ ነገር አበባ ይመስላል እንጂ የተለወጠ ቅጠል ነው፤ ለዚህም ነው ሁለት ሦስት ወር የሚቆየው። ቅጠሎቹ መሃል ላይ እንደ ኩባያ ስለሚገጥሙ ትንሽ ውሃ እዚያ ይጠራቀምበታል። አንዴ ካበበ በኋላ እናቲቱ ቀስ እያለች ታልቃለች፤ ግን ከጎኗ ልጆች ታወጣለች።

ጥቁር ቀይና ወይን ጠጅ ከፈለግሽ ካላቴያና ማራንታ። የካላቴያ ቅጠል ብዙ ጊዜ ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር ወይን ጠጅ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጊው፤ የተቀመጠ ሰው የሥረኛውን ቀለም ያየዋል። ማራንታ ደግሞ ሥሮቿ ቀይ የሆኑባት ዓይነት አለች፤ ቅጠሉ ላይ ያሉትን መስመሮች ማለቴ ነው። ሲመሽ ቅጠሎቿን ወደ ላይ ታጥፋለች። ድግሱ ምሽት ላይ ከሆነ ልጆቹ ይህን ሲያዩ ይደሰቱበታል።

ክሮቶኑን ካልተውሽው የሚዘጋ ክፍል መስኮት ውስጥ ይቀመጥና ከውጭ ይታይ። ሲገረዝ የሚወጣው ፈሳሽም ቆዳ ያሳክካል።

ነጭ_አበባ

ስለ ሊሊው አመሰግናለሁ የድመት_እናት። የማላውቀው ነገር ነበር፤ ድመት ላላት እህቴም አሁኑኑ እልክላታለሁ።

አየር_ንጹሕ

ሳንሴቬሪያውን ግን አታስወጪው ቡቃያ፤ የቤቱን አየር ያጸዳል። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ሲታፈን ይጠቅማችኋል።

እማማ_ለምለም

ልጄ፣ ሳንሴቬሪያ ለውበቱ ይቀመጥ። አየር ያጸዳል የሚለው ወሬ ከ1989 የናሳ ጥናት የመጣ ነው። ያ ጥናት የተሠራው በተዘጋ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነው። ቤት እንደዚያ አይደለም፤ በበር በመስኮት አየር ይገባል ይወጣል። በ2019 የድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቀድሞ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያሰሉት፣ ተራው የቤት አየር ዝውውር የሚሠራውን ለመሥራት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1000 ተክል ያስፈልጋል አሉ። ቤቱ ሰው ሲሞላበት መስኮት ክፈቱ።

አየር_ንጹሕ

እማማ፣ እርስዎ ካሉ ይሁን። ቁጥሩን አላውቅም ነበር። ግን ተክል ያለበት ክፍል ውስጥ ልቤ ይረጋጋል፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም።

እማማ_ለምለም

እሱማ እውነት ነው የኔ ልጅ። እኔም የማሳድገው ለዚያው ነው።

ቡቃያ፣ ስለ ጨለማው ጥግ የጠየቅሽውን ማንም አልመለሰልሽም። ዐይናችን ይሸውደናል። ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ሲርቅ ለእኛ ያው ብርሃን ይመስለናል፤ ለተክሉ ግን በጣም ይቀንስበታል። ቢሆንም ሁለት ሦስት ቀን ጨለም ያለ ቦታ ቢውል ጤነኛ ተክል አይሞትም። እንግዳ ሊመጣ ሲል ጠዋት ከመስኮት አንሥተሽ ጠረጴዛው ላይ አኑሪው። እንግዳው ሲሸኝ ወደ ቦታው መልሺው። ሳሎኑን ብለሽ ወሩን ሙሉ ጥግ ላይ አታቆሚው።

ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ተክሉም እድገቱን ይቀንሳል፤ ውሃውም ይቀንስለት። በበጋ የለመድሽውን ያህል ካጠጣሽው ሥሩ ይበሰብሳል። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ አስገብተሽ ሳትለኪ አታጠጪ።

ውጭ በረንዳ ላይ ያሉሽ ካሉ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ከመውረዱ በፊት አስገቢያቸው። ከሙቅ አገር የመጡ ናቸውና ብርድ ይጎዳቸዋል። ስታስገቢ የቅጠሉን ሥር ገልብጠሽ እዪ፤ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ካለ ተባይ ነው። እጠቢው። ለሁለት ሳምንት ያህልም ከሌሎቹ ለይተሽ አቆዪው። አዲስ የምትገዢውንም እንዲሁ።

ቡቃያ

እማማ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፈርኔን አይቼዋለሁ፤ አስፓራገስ አይደለም፣ የቦስተን ነው። ፖቶሱና ሳንሴቬሪያው ለበዓሉ ድመቷ ወደማትገባበት መኝታ ቤት ይሄዳሉ። ጉዝማንያና ማራንታ እጨምራለሁ።

ሁለት ነገር ግን ያሳስበኛል። ማሞቂያ ከተከፈተ ወዲህ ፈርኑ ደርቆ ወለሉን በቅጠል እየሞላው ነው። ከአፈሩ ደግሞ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ይነሣሉ። እንግዳ ፊት ሳህን ላይ እንዲያርፉ አልፈልግም።

ጠብታ

ፈርኑን ጠዋትና ማታ ውሃ ርጪበት። ቅጠሉ እርጥብ ሲሆን ይመለሳል።

የመስኮት_ዳር

ጠብታ፣ መርጨት ክፋት የለውም፤ ነገር ግን የረጨነው ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ይተንናል። የክፍሉ እርጥበት ወዲያው ወደነበረበት ይመለሳል። ለፈርን የሚበጀው መጀመሪያ ከማሞቂያው ማራቅ ነው። ቀጥሎ ተክሎቹን አቀራርቦ ማስቀመጥ፤ ከቅጠላቸው የሚወጣው እርጥበት ለሁሉም ይደርሳል። መስኮት ያለው መታጠቢያ ቤት ካለሽ እስከ በዓሉ እዚያ ይሰንብት። አፈሩም ጨርሶ አይድረቅ። ፈርን ከሌሎቹ ይለያል፤ አፈሩ ሁልጊዜ ለስለስ ብሎ እርጥብ መሆን አለበት።

የደረቁትን ቅርንጫፎች ከሥራቸው ቁረጪያቸው። አይመለሱም። በመቀስ ጫፍ ጫፉን ብቻ ከከረከምሽው ቡናማው ጠርዝ ይታያል። ከሥር ሲቆረጥ ግን ከመሃል አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ ይወጣል። አንድ ወር ካለሽ በደንብ ይሞላል።

አፈር_ነኪ

ስለ ዝንቦቹ፦ እጫቸው የሚኖረው ላይኛው እርጥብ አፈር ውስጥ ነው። ላዩ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር እስኪደርቅ ሳታጠጪ ከቆየሽ ይሞታሉ። ለፈርኑ ይህ ስለማይሆን መትከያውን ውሃ ያለበት ዕቃ ውስጥ አስቀምጠሽ ከሥር እንዲጠጣ አድርጊ፤ ግማሽ ሰዓት በቂ ነው፣ ከዚያ አንጠፍጥፊው። የሚበሩትን ለመያዝ ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት አፈሩ ላይ ይተከላል። እንግዳ ሊመጣ ሲል ንቀዪው።

ይህን ዛሬ ጀምሪ። ዝንቡ ዕድሜው አጭር ነው፤ ግን ዕንቁላል እየጣለ ስለሚተካካ አንድ ዙር ብቻ ብታደርጊ አይበቃም። ሁለት ሦስት ሳምንት ሳታቋርጪ።

ከበዓሉ በፊት መትከያ አትቀይሪ። አዲስ አፈር ብዙ ጊዜ እርጥብ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ዝንቡን አብሮ ያመጣዋል። ተክሉም ሥሩ ተነክቶ ጠውልጎ ይታያል። አሮጌውን ፕላስቲክ እንዳለ ቆንጆ ዕቃ ውስጥ ክተቺው፤ ቅርጫት፣ ናስ፣ የሸክላ ጎድጓዳ፣ ያለሽን። ያ ዕቃ ቀዳዳ ስለሌለው ውሃ እንዳይተኛበት ስታጠጪ አውጥተሽ አንጠፍጥፊ።

ዱባ_ቤት

ዕቃ ከተነሣ፣ ዱባም ይሆናል። ላዩን ቆርጦ ውስጡን ማውጣትና ትንሿን መትከያ እዚያ መክተት ነው። ቀለሙ ከወቅቱ ጋር ይሄዳል። ከአንድ ቀን በፊት ብቻ ይቆረጥ፤ በሞቃት ክፍል ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል። አፈሩን በቀጥታ ዱባው ውስጥ አትጨምሪ፤ የተክሉ ሥር አብሮ ይበሰብሳል።

ሐረግ_ወዳድ

ይህን ወድጄዋለሁ። ለጠረጴዛው ሦስት ትንንሽ ዱባ፣ ውስጣቸው ማራንታና ፔፐሮሚያ። ፔፐሮሚያም ለድመት አይከፋም፣ ቁመቷም አጭር ነው።

ሻማ ካበራችሁ ከቅጠሉ ይራቅ። ጎን ለጎን ሆኖ የማይነካ ቢመስልም ከነበልባሉ በላይ ያለው አየር ቅጠል ያቃጥላል። የደረቀ የዛፍ ቅጠል ጠረጴዛው ላይ የምትበትኑ ከሆነ ደግሞ እሳት ይይዛል። በባትሪ የሚበራው ትንሹ አምፖል ይሻላል፤ ሕፃናትም ስላሉ።

ፍሬ_ለቃሚ

ማንም ያላነሣው አንድ ነገር አለ። ለውበት ብለን በሳህን የምንከምረው ፍራፍሬ፣ በተለይ ፖም፣ ሲበስል ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ እንቡጥና አበባ ያራግፋል። ፖሙን ከቫዮሌቱ አጠገብ አታስቀምጪው፤ ከጠረጴዛው ወደ ሌላኛው ጫፍ ውሰጂው።

የሚገርመው ያው ጋዝ ጉዝማንያን ያሳብባል። አበባ እምቢ ያለውን ጉዝማንያ ከበሰለ ፖም ጋር ላስቲክ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ያህል ይዘጉበታል። ከዚያ በኋላ አበባው ለመውጣት ከአንድ ወር ተኩል በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ለዘንድሮ አይደርስልሽም፤ ያበበውን ግዢ።

ቡቃያ

ይህን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። አመሰግናለሁ። ቅጠሎቹን ስለ ማጽዳትስ? አቧራ ይዘዋል። ወተት ወይም ዘይት ቀቡት ያሉኝ አሉ፤ ያብለጨልጫል ብለው።

እማማ_ለምለም

አትቀቢ። ዘይት ቅጠሉ የሚተነፍስበትን ቀዳዳ ይደፍናል፣ አቧራም ይስባል። ወተትም ይሸታል። ለብ ባለ ውሃ የራሰ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። አንድ እጅሽ ቅጠሉን ከሥር ይደግፍ፣ በሌላው አብሺ። የቫዮሌቱ ቅጠል ግን ፀጉራም ነው፤ ውሃ አይነካው። በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊው። ቀዝቃዛ ውሃ ካረፈበት ነጠብጣብ ይሆናል፣ ነጠብጣቡም አይጠፋም።

ብልጭልጭ ዱቄት ወይም ቀለም የሚነፋባቸውም አሉ። ቅጠል ብርሃን ካላገኘ በምን ይኖራል? ቁልቋል ላይ የወረቀት አበባ በሙጫ የተለጠፈበትም ይሸጣል። እንዲህ ያለውን አትግዙ።

አፈር_ነኪ

ውሃውን በዋዜማው አጠጪ፤ በበዓሉ ጠዋት አይሁን። እስከ ማግስቱ ተንጠፍጥፎ ያልቃል፣ የጠረጴዛ ልብስ አያበላሽም፣ መትከያውም ይቀላል። እንግዳ የተረፈ መጠጥ አፈሩ ላይ የማፍሰስ ልማድ አለው፤ በተለይ ልጆች። የሚደፋበት ዕቃ በቅርብ ይኑር።

የሸረሪት_ልጆች

ቡቃያ፣ የሸረሪት ተክልሽ ልጆች አውጥቷል ብለሻል። እኔ ብሆን ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ አንድ አዘጋጅለት ነበር። ልጆቹን ቆርጠሽ ሥራቸው በሚወጣበት በኩል ብቻ ውሃ አስነኪያቸው። ሙሉውን አትንከሪ። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ሥር ይሰዳሉ፤ ያኔ ትንንሽ መትከያ ላይ አፈር ታደርጊላቸዋለሽ። እስከ በዓሉ ቆመው ይደርሳሉ። በየሰው ሳህን ፊት አንዷን አስቀምጪ፤ የመቀመጫ ምልክትም ይሆናል፣ ሲሄዱም ይዘውት ይሄዳሉ። ድመትም ብታኝከው ስጋት የለም።

ስም የሚጻፍበት ትንሽ እንጨት አፈሩ ላይ ትከዪ። በጀርባው እንዴት እንደሚጠጣ አጭር ነገር ጻፊ፤ «አፈሩ ላዩ ሲደርቅ አጠጣኝ» ቢባል ይበቃል። ብዙ ሰው ተክል የሚገድለው ውሃ በማብዛት ነው።

ቡቃያ

ይህ ልቤ ውስጥ ገባ። ዛሬ ማታ ቆርጬ እጀምራለሁ። ለልጆቹም እንሰጣቸዋለን፤ የራሳቸው ተክል ሲኖራቸው ደስ ይላቸዋል።

ጥላ_ሥር

ውይይቱን እየተከታተልኩ ነው፤ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። በበዓል ሰሞን የሚያብበው ቁልቋል አለ አይደል፣ ጠፍጣፋ ቅጠል የተቀጣጠለ የሚመስለው? እንቡጥ በእንቡጥ ሆኖ ገዛሁት። ቤት ከገባ በኋላ እንቡጡን እያረገፈ ነው። ምን ላድርግ?

የመስኮት_ዳር

ሽለምበርገራ ማለትህ ነው። በረሃ አይደለም የመጣው፤ ከደቡብ ምሥራቅ ብራዚል ተራራማ ጫካ ነው፤ ዛፍና ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይበቅላል። ስለዚህ እንደሌላው ቁልቋል ጨርሶ አታድርቀው። እንቡጥ የሚያረግፈው ድንገተኛ ለውጥ ሲደርስበት ነው፦ ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ፣ ከብርሃን ወደ ጨለማ፣ ወይም አፈሩ ሲደርቅበት። ፍሬ_ለቃሚ ያለው የፖም ጋዝም አንዱ ምክንያት ነው። አሁን አንድ ቦታ አስቀምጠው፤ ብርሃን ያለበት፣ ከማሞቂያና ከበር ንፋስ የራቀ። አታሽከርክረው፣ አታዘዋውረው። የቀሩት እንቡጦች ይከፈታሉ። ለድመትም ለልጅም መርዝ የለውም፤ ቡቃያም ልታስብበት ትችላለች።

ጥላ_ሥር

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ከማሞቂያው በላይ ነበር ያስቀመጥኩት፤ አሁን አነሣሁት። እግረ መንገዴን፣ እኛ ቤት እንስሳም ሕፃንም የለም፤ ካላንቾም አለችኝ። አበባዋ ሲያልቅ ትጣላለች ወይስ ለከርሞ ታብባለች?

እማማ_ለምለም

አትጣላት ልጄ። አበባው ሲደርቅ ከሥሩ ቁረጥላት፤ ብርሃን ያለበት አቆያት። ካላንቾ የምታብበው ሌሊቱ ሲረዝምላት ነው። ለከርሞ በዓል እንድትደርስልህ ከፈለግህ ከበዓሉ ሦስት ወር ገደማ ሲቀረው ጀምር። በየቀኑ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ጨለማ ውስጥ አድርጋት፤ ቁም ሣጥን ወይም ካርቶን ይበቃል። ቀን ቀን ወደ መስኮቷ መልሳት። ይህን ለስድስት ሳምንት ያህል ሳታቋርጥ አድርግ፤ እንቡጡ ሲታይ መሸፈኑን ትተዋለህ። ሌሊት ሣጥኑን ከፍተህ መብራት አታብራባት፤ ጨለማው ከተቋረጠባት እንቡጥ መያዟን ታዘገያለች።